ላልሞተው አባቴ ስላቆማችሁለት የመታሰቢያ ድንጋይ

ለተከበሩ የጀግኖች አባቶች ቅርስ ጥበቃ ማኅበር የሰፈራችን ቅርንጫፍ ሊቀመንበር፤
ባሉበት።

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የምሠራ ነርስ እንደመሆኔ፣ የሰው ጤንነት የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። በተለይም ማኅበራችሁ ማን በሕይወት እንዳለና ማን እንደሌለ ለመለየት ትንሽ እንደሚቸገር በራሴ ቤት ስላየሁ፣ እያንዳንዳችሁ በየቤታችሁ በደኅና መኖራችሁን አስቀድሜ ማረጋገጥ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እኛ ደኅና ነን። አባቴም፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ደኅና ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ከንቀት አይደለም። መጀመሪያ በቃል ሳመለክት ክቡር ጸሐፊያችሁ «በጽሑፍ አቅርቢ» አሉኝ። በጽሑፍ ሳቀርብ ደግሞ «ማመልከቻሽ ግልጽ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና፣ እነሆ ግልጽ ደብዳቤ።

አንደኛ፤ ስለ ከበሮው ላመስግን። ማኅበራችሁ የአባቶቻችንን ወኔ ሊያስታውሰን በየእሑዱ ማለዳ በሚያካሂደው ሰልፍ፣ ከበሮ መቺያችሁ ልክ የእኛ በር ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው የሚጨምር መሆኑ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ውዬ እሑድን ለእንቅልፍ ለማስቀምጠው ለእኔ ትልቅ ውለታ ነው። እኔ ተኝቼ ብቀር የአገር ፍቅሬም አብሮ ሊያንቀላፋ ይችል ነበር። ከሰልፉ በኋላ የሚካሄደው የጽዳት ዘመቻም እንዲሁ ፍሬያማ ነው። ከዋናው መንገድ የተጠረገው ቆሻሻ ሁሉ በእኛ ቅያስ ጥግ በክብር ስለሚቆለል፣ ዋናው መንገድ እውነትም ቅርስ መስሏል፤ የእኛ ቅያስ ደግሞ የዘመቻው መታሰቢያ ሆኗል። ይህን እንደ ቅሬታ አይቁጠሩብኝ፤ ለመንደርደሪያ ያህል ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ድንጋዩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ፍሬን» በሚለው ቅጽል ነው። መታወቂያው ላይ ያለውን ስም የሚያውቅ ጎረቤት የለም፤ እናቴም ነፍሷን ይማረውና፣ ስትቆጣ ካልሆነ በቀር አትጠራበትም ነበር። ባለፈው የዝናብ ወራት አባቴ ሌላ ከተማ የምትኖር እህቱ ዘንድ ሊሰነብት ሄደ። እርስዎ ደግሞ በዚያው ሰሞን ወደ ሰፈራችን አዲስ ገብተው፣ የማኅበሩን ወንበር ተረክበው፣ ጀግና ፍለጋ ላይ ነበሩ። ታዲያ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ጢምዎን ሲላጩ፣ በጦርነቱ ጊዜ መኪናውን ይዞ ድልድይ ላይ ስለቀረ አንድ ሹፌር ሰሙ። ይህ ወሬ በሰፈራችን ለብዙ ዓመታት ሲወራ ኖሯል። በተወራ ቁጥር ሹፌሩ ወደ ድልድዩ ጠርዝ እየተጠጋ መጥቶ፣ እርስዎ ጆሮ ሲደርስ ጨርሶ ገብቶ ሞተ። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባላል፤ እናንተ ሐሳቡን ትታችሁ ሲሚንቶ ጨመራችሁበት።

የሹፌሩን ሙሉ ስም ከድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ጠየቃችሁ። የቤቱን አድራሻ ከፖስተኛው ጠየቃችሁ። የድንጋዩን ዓይነት ከቀራጩ፣ የቀለሙን ከሰዓሊው ጠየቃችሁ። ለትጋታችሁ ቃል የለኝም፤ በሩን ማንኳኳት ብቻ ነበር የቀረው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ በቤታችን የፊት ግድግዳ ላይ ሲሚንቶው ያልደረቀ ነጭ ድንጋይ ተለጥፎ አገኘሁ። ከአባቴ ሙሉ ስም በታች እንዲህ ይላል፦ «ድልድዩን በሕይወቱ የዘጋው ጀግና መኖሪያ ይህ ቤት ነበር። ስሙ ሕያው ነው።» የፊደሉን ውበት አደንቃለሁ። ስሙ ሕያው ስለመሆኑም አልከራከርም፤ ይሁን እንጂ ስሙ ብቻ ሳይሆን ሳንባውም፣ ኩላሊቱም፣ ከሁሉ ይልቅ ምላሱ ሕያው መሆኑን በሙያዬ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ።

ሲሚንቶውን በጣቴ እየነካሁ ቆሜ ሳለሁ ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪዋ እያለቀሰች ደርሳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«መቼ ነው? ምነው ሳትነግሪን?»

«እኔም አሁን ገና መስማቴ ነው» አልኳት።

ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር ያስደነግጣል፤ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ወዲያው ለአክስቴ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ሟቹ ነበር። ሰዎች «ለቀባሪው አረዱት» እያሉ ሲተርቱ እሰማለሁ፤ እናንተ ግን እኔን ለሟቹ አርጂ አደረጋችሁኝ።

«አባዬ፣ ደኅና ነህ?»

«ምነው፣ ምን ሰማሽ?»

«ኧረ ሞተሃል ተብሎ ግድግዳችን ላይ ተጽፏል።»

አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ድንጋዩ ጥሩ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ መስተንግዷችሁ። አባቴ እንደተመለሰ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ እኔም አብሬው፣ ወደ ቢሯችሁ መጣን። በተለይ እንዳይቸኩሉ ስለሚጠነቀቁት ስለ ክቡር ጸሐፊያችሁ እዚህ ላይ በልዩ ሁኔታ ላነሣ እወዳለሁ። ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ፣ «አባባ፣ የሟች ቤተሰብ ነዎት?» አሉት።

«የለም ልጄ፤ ሟቹ ራሴ ነኝ።»

«እንግዲያው ወረፋ ይጠብቁ።»

በክፍሉ ውስጥ ከእኛ ሌላ ባለጉዳይ እንዳልነበረ ለታሪክ ያህል ይመዝገብልኝ። ወረፋችን ደርሶ አባቴ መታወቂያውን ሲያሳይ፣ ጸሐፊው አገላብጠው አይተው «የስም መመሳሰል ሊሆን ይችላል» አሉ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ የአባቴን የደም ግፊት እዚያው ለካሁና ጽፌ ፈረምኩበት፤ መቶ አርባ በዘጠና። እኔ እስከማውቀው ሟቾች የደም ግፊት የላቸውም። ጸሐፊው ግን ወረቀቱን በሁለት ጣት ገፍተው፣ «እህቴ፣ ይሄ የግፊት እንጂ የሕይወት ማስረጃ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ለዚህ መልስ እስከ ዛሬ አጸፋ አላገኘሁለትም፤ ካገኘሁ እጽፍልዎታለሁ።

በመጨረሻ እርስዎ ራስዎ ከውስጥ ክፍል ወጡ። ወንበር በእጅዎ ስበው አባቴን አስቀመጡት፤ ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ይህኛው ምስጋና ሽሙጥ የለበትም። ከዚያም በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አሉት፦ «አባባ፣ ከእርስዎ ጋር ምንም ጠብ የለንም። ነገር ግን ጀግናው ሞቷል። እርስዎ ደግሞ እንደምናየው በሕይወት አሉ። እንግዲህ ጀግናው እርስዎ አይደሉም ማለት ነው።»

ክቡር ሊቀመንበር፣ ሰው በሠራው ጥፋት ሲወቀስ አይቻለሁ። በሕይወት በመኖሩ ሲወቀስ ያየሁት የመጀመሪያ ሰው ግን አባቴ ነው። ትራፊክ ፖሊስ በክርክር ያልቻለው፣ ጋራዥ ውስጥ ሲቆጣ መካኒኮች ከመኪና ሥር የማይወጡለት አባቴ፣ ኮፍያውን አንሥቶ ምንም ሳይናገር ወጣ።

አራተኛ፤ ስለ በርጩማው። ይህን ስጽፍ እጄ ትንሽ ይከብደኛል፤ ትሕትናዬ ቢሳሳ ይታገሡኝ። አባቴ ድሮ ከሰዓት በኋላ በርጩማውን በራችን ላይ አውጥቶ ከሚያልፈው ሁሉ ጋር ሲቀላለድ ይውል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በርጩማውን ከድንጋዩ ሥር እያደረገ ዝም ብሎ ይቀመጥ ጀመር። የሚያልፈው ሰው ቆሞ ድንጋዩን ያነባል፤ ራሱን እየነቀነቀ ያዝናል፤ አባቴን ሳያየው ያልፋል። በአንዱ እሑድ ሰልፈኞቻችሁ መጥተው ለድንጋዩ ሰላምታ ሊሰጡ ተሰለፉና፣ ከመካከላቸው አንዱ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ በርጩማዎን ትንሽ ወደዚያ ይውሰዱልን፤ ፊደሉን ጋርደውታል» አለው። ተነሥቶ ወሰደ። ሰላምታው ተሰጠ። ከበሮው ተመታ።

በዚያው ሳምንት ግፊቱን ስለካለት ክንዱን እንደዘረጋ፣ «ልጄ፣ ያኔ እዚያው ብቀር ይሻል ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው አባዬ?»

«ይሄ ድንጋዩ ላይ ያለው ሰውዬ ከእኔ ይሻላል። አያስለው፣ ጉልበቱን አያመው፣ ሰው ቆሞ ያነበዋል። እኔን ማን ያነበኛል?»

ኪኒኑን ስሰጠው መዳፉ ላይ አገላበጠውና ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው። «ለሞተ ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል» አለ፣ እየቀለደ መስሎ። አልቀለደም። በማግስቱም አልወሰደ፤ ከዚያ በኋላም አልወሰደ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በዳቦ ውስጥ ደብቄ ሰጠሁት፤ ኪኒኑን አውጥቶ ዳቦውን በላ። እኔ በጤና ጣቢያችን የስንቱን ሰው ነፍስ እየጎተትኩ ስመልስ፣ የራሴ አባት በደረቅ ግድግዳ ላይ ባለ ጽሑፍ እየተጎተተ ሲሄድ ቆሜ አየሁ። ለከበሮውና ለቆሻሻው ይቅር ብያችኋለሁ፤ ለዚህኛው ገና ነኝ።

አምስተኛ፤ ስለ ምረቃው በዓል። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ድንጋዩ አስቀድሞ በጨርቅ ተሸፈነ፤ ሁላችንም ለወራት ስናነበው የኖርነውን ነገር ሲገለጥ እንድንደነግጥ መሆኑ ነው። የፊተኛው ረድፍ «ለሰማዕቱ ቤተሰብ ብቻ» የሚል ወረቀት ስለተለጠፈበት፣ አስተናጋጁ እኔን ከፊት አስቀምጦ አባቴን «አባባ፣ የእንግዳ ቦታ ከኋላ ነው» ብሎ ሸኘው። አባቴ ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ። የመጣውም ለእኔ ሲል ነበር፤ ብቻዬን እንዳልቀመጥ።

ቀጥሎ የማኅበሩ የኪነት ክፍል ያዘጋጀው ትርኢት ቀረበ። ጀግናውን ሆኖ የሠራው ያው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ከፍሪጅ ካርቶን የተሠራች የጭነት መኪና በገመድ ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ድልድይ ወደሆኑት ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ገሠገሠ። «አገሬ ሆይ፣ ደሜን እነሆ!» ብሎ ሊወድቅ ሲል፣ ከኋላ ረድፍ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ መጣ።

«ፍሬን! ፍሬን ያዝ አንተ!»

ፀጉር አስተካካዩ ስንት ዓመት የአባቴን ጢም ሲላጭ በዚያው ድምፅ ሲታዘዝ የኖረ ሰው ነው፤ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ቆመ። ገመዱ ተበጠሰና ካርቶኗ ብቻዋን ሄዳ ድልድዩ ውስጥ ገባች። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እርስዎ ግን ክብርዎን ሳያጓድሉ ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ «እባክዎ አባባ፣ ጀግናውን አይረብሹብን» አሉ።

ከዚያ የዕለቱን የክብር እንግዳ ጋበዙ። በድልድዩ ከተሻገሩት መካከል በሕይወት ያሉ፣ ከሌላ ሰፈር ያስመጣችኋቸው አንዲት አዛውንት ልብስ ሰፊ ነበሩ። የአበባ ጉንጉን አስያዛችኋቸው፤ የጀግናውን አሟሟት እንዲናገሩም ድምፅ ማጉያው ተሰጣቸው። እሳቸው አበባውን ክንዳቸው ላይ እንደ ዘንቢል አንጠልጥለው፣ በግንባራቸው ላይ እጃቸውን ጋርደው ወደ ኋላ ረድፍ ማየት ጀመሩ።

«ማነው ያ ፍሬን ያዝ ያለው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«ተነሥ እስቲ።»

ተነሣ።

«አንተ ነህ! ይሄን ድምፅ የትም ብሰማው አልስተውም! መኪናዬን የት አደረስካት?»

ፀጉር አስተካካዩ ካርቶኑን እንደያዘ፣ «መኪናው የሳቸው ነበር እንዴ?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት።

«የቷን መኪና?» አለ አባቴ።

«የስፌት መኪናዬን ነዋ! አዲሷን! ወንዝ የከተትካትን!»

«እንዴ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? ያቺ አልወርድም ያልሽው?»

«አልወርድም አላልኩም! ያለ መኪናዬ አልወርድም ነው ያልኩት!»

አባቴ ወንበሮቹን እየገፋ ወደ ፊት መጣ፤ የሰማዕቱ ቤተሰብ ረድፍ ውስጥም ማንንም ሳያስፈቅድ ገባ። እሳቸው በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላ ወገን፣ እየተነጣጠቁና እየተራረሙ ነገሩን ተናገሩት። ክቡርነትዎ በዚያን ጊዜ ጣራውን ይመለከቱ ስለነበር ምናልባት ያልሰሙት ነገር ካለ፣ በአጭሩ ልድገምልዎ።

አባቴ የታዘዘው ሣጥን ጭኖ ድልድዩን እንዲሻገር ነበር፤ ከዚያ የራሳችን ወታደሮች ድልድዩን ሊያፈርሱት ነው። ሊሻገር ወዲያ ማዶ ካለው የድልድዩ አፍ ሲደርስ ፍራሽና ሕፃን የተሸከመ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት አገኘ። ፍሬን ያዘ። «ንዳው!» ተባለ፤ «አልነዳም» አለ። ሣጥኖቹን አራግፎ ሰው ጫነና አሻገረ፤ ተመልሶ ጫነ፤ ደግሞ ተመለሰ። በመጨረሻው ዙር ሞተሩ ድልድዩ መሐል ላይ ጠፋ፤ አልነሣም አለ። ወታደሮቹ ከዳር ሆነው «ውጡ!» ይላሉ፤ ሰዉ ወርዶ ይሮጣል። አንዲት ወጣት ብቻ የስፌት መኪናዋን አቅፋ ከጭነቱ ላይ አልወርድም አለች። አባቴ መኪናዋን ከእጇ ነጥቆ ወንዝ ውስጥ ወረወረባት። እሷም ልትደበድበው እየተሳደበች አባረረችው፤ እሱ ሸሸ፤ እንዲሁ ሲሯሯጡ ሁለቱም ማዶ ደረሱ። ድልድዩም ከኋላቸው ባዶዋን የጭነት መኪና ይዞ ወረደ።

«ታዲያ ማን ሞተ?» ሲል ከመሐል አንዱ ጠየቀ።

«ማንም» አለ አባቴ። «ማንም አልሞተም። ነገሩ እኮ እሱ ነው።»

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ ያሳዩትን የመንፈስ ጽናት ሳላደንቅ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጉሮሮዎን ጠርገው፣ «ለተፈጠረው መስተጓጎል ይቅርታ እየጠየቅን፣ በመርሐ ግብሩ መሠረት አሁን ለጀግናው የኅሊና ጸሎት እናደርጋለን፤ እባካችሁ ተነሡ» አሉ። ሁላችንም ተነሣን። አባቴም ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ለራሱ የኅሊና ጸሎት አደረገ። ድምፅ ማጉያው አልተዘጋም ነበርና በዚያ ጸጥታ መካከል የልብስ ሰፊዋ ቁጣ በድንኳኑ ሁሉ ተሰማ፦ «አትሳቅ እንጂ! የሞተው እኮ አንተ ነህ!» ከበሮ መቺያችሁ ከበሮው ላይ ተደፍተው ሲንፈቀፈቁ ያየሁት ያኔ ነው። በጣም ወደድኳቸው።

ስድስተኛ፤ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ውለታ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ልብስ ሰፊዋ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ከአባቴ ጋር ይጣላሉ። እሳቸው ያቺ መኪና በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሙሽራ ትመስል እንደነበር ይናገራሉ፤ እሱ ደግሞ ያው ከባድ ብረት ነበረች ይላል። «መኪናዬን መልስ» ይሉታል፤ «ወንዙን ጠይቂው» ይላቸዋል። መንገደኛ እየቆመ ዳኛ ይሆናል፤ ድንጋዩን የሚያነብ ከጠፋ ሰንብቷል። የመጀመሪያው ሰሞን ነው፤ ኪኒኑን አልወስድም ማለቱን ከእኔ ሲሰሙ እትዬ ብድግ አሉ። «ምን አልክ? ልትሞት? መኪናዬን ሳትመልስ? ዋጥ!» አሉት። ዋጠ። ውሃም አልጠየቀ።

እኔ በልመናም በሙያም ያልቻልኩትን እኒህ ሴትዮ በአንድ ቃል ቻሉት። ድንጋይን የሚጣላው የለም፤ ከአባቴ ጋር ግን የሚጣላ ሰው ተገኘለት። እትዬን ወደ ሰፈራችን ያመጣቸው ማኅበራችሁ ነውና፣ ካከናወናችኋቸው ማኅበራዊ ተግባራት ሁሉ የሠመረው ይህ አንዱ ነው፤ ሳታስቡት ስላደረጋችሁት ይሆናል።

ሰባተኛ ይሁን ስምንተኛ፣ ቁጥሩ ተምታቶብኛል፤ ብቻ የመጨረሻው ነው። ከምረቃው በኋላ ድንጋዩ እንዲነሣልን ስንጠይቅ፣ ድንጋዩ በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ከእንግዲህ እንደማይነካ፣ ቤታችንም ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ቀለም እንዳይቀባና አሸንዳው እንዳይጠገን በማኅተም አሳወቃችሁን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ድንጋይን ማን አስቦ! እኛም ልመናችንን ቀነስን፤ ድንጋዩ ይቆይ፣ «መኖሪያ ይህ ቤት ነበር» ከሚለው ላይ «ነበር» ብቻ ወጥቶ «ነው» ይግባበት ብለን ለመንን። የአንዲት ቃል ጉዳይ ነበር። ጸሐፊያችሁ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንደሚቀርብ ነገሩን። አባቴ ይህን ሲሰማ፣ «ጉባኤው እስኪሰበሰብማ ‹ነበር› የሚለው ትክክል ይሆናል» አለ።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ መሰላል አቁሞ በመሮና በመዶሻ ወጣ። እኔ መሰላሉን ያዝኩ። እትዬ ከታች ሆነው እንደ ልብስ ስፌት «ጠመመ! ጠመመ! መስመር ያዝ!» እያሉ አዘዙት። «ነበር»ን ፈልፍሎ አወጣው፤ በቦታው «ነው» ብሎ ቀረጸበት። ፊደሉ ከሌሎቹ ገዘፍ ያለ ነው፤ ወደ ቀኝም ዘመም ይላል። ዳቦ ጋጋሪዋ እልል አለች። አባቴም አቧራውን ከቅንድቡ እየጠረገ ወረደ።

ትናንት ደግሞ «ቅርስ በማበላሸት» ልትከሱን መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያችሁ ደረሰን። ሕግ ይከበር፤ እኛም አንሸሽም። አንድ ትንሽ ችግር ብቻ ላመልክት። ቅርሱን ያበላሸው ሰው በራሳችሁ ውሳኔ መሠረት በጦርነቱ ጊዜ የሞተ ስለሆነ፣ መጥሪያውን ማን ፈርሞ እንደሚቀበላችሁ አላውቅም። በሕይወት አለ ብላችሁ ከከሰሳችሁት ግን ድንጋዩ ላይ የጻፈው እውነት ነውና፣ ያረመውን እንጂ ያበላሸውን አላይም። ከሁለቱ መንገዶች የቱን እንደሚመርጡ በትሕትና እጠብቃለሁ። የትኛውንም ቢመርጡ ችሎት የሚቆመው አባቴ ነው፤ መናገር ደግሞ ይወዳል።

ለማኅበሩ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎ ሙሉ ጤንነት፣ ለጸሐፊያችሁ የሚያስተናግዱት ብዙ ሟች፣ ለከበሮ መቺያችሁም የእሑድ ዕረፍት እየተመኘሁ፣ ስለ ትዕግሥትዎ ምስጋናዬ ወደር የሌለው መሆኑን በድጋሚ አረጋግጣለሁ።

እጅግ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣
የሰማዕቱ ልጅ፣
ነርሷ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባላታችሁ ስለ ድካምዎ ውለታ ለመክፈል ለእርስዎም በሕይወት እያሉ ድንጋይ ሊያስቀርጹልዎ እየተመካከሩ መሆኑን ሰምተን በእጅጉ ደስ ብሎናል። አባቴ ይህን ደብዳቤ ሳነብለት ሰምቶ፣ ለእርስዎ አንድ የልምድ ምክር እንዳክልበት አዞኛል፦ «ለዚያ ልጅ ጻፊለት፤ ድንጋዩ ሲመጣለት ይቀመጥበት እንጂ አይንተራሰው።»